ወንድሜን በአንድ ዓይን የሣልኩበት ሥዕል

ሂሩት ምሳ ትቀንስብኛለች ብዬ ሦስት ሳምንት አኮረፍኳት። ሂሩት ባለቤቴ ናት። የቀረበልኝን በልቼ፣ ትሪው ባዶ መሆኑን በዓይኔ እያየሁ፣ እሷ «ምነው ግማሹን ተውከው?» ትለኛለች። የምታሾፍብኝ መሰለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ያለ ቀልድ ስለማታውቅ ይበልጥ አናደደኝ። አንድ ቀን ትሪውን ያዘችና ግማሽ ዙር አዞረችው። ሽሮ የፈሰሰበት እንጀራ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ፊቴ ድቅን አለ። «አሁን ነው የጨመርሽው?» አልኳት። ገበታውን ትታ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ ሰማኋት።

ይህን መጻፌ በቤቱ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ «ዕድሜው ነው»፣ «ብስጭት ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ካለ እንዳያልፈው ብዬ ነው። እኛ ብዙ ወራት አለፍነው። በዚያ መሐል ከጤናዬ ሌላ ያለኝን አንድ ወንድም ላጣ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከሕመሙና ከእኔ የበደለው የትኛው እንደነበረ ዛሬም አልገባኝም።

ተክላይ እባላለሁ። ሲኤምሲ አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት ሥዕል አስተምራለሁ፤ ቤቴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አባቴ ትግራይ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥል ነበር። ሙያውን ያወረሰው ለእኔ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኪዳነ እጁ ለብሩሽ አልሆነም፤ እሱ የሚሆንለት ንግድ ነው። ዛሬ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር የቀለምና የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለው። ቀለም ይሸጣል እንጂ ቀብቶ አያውቅም እያልኩ አሾፍበት ነበር።

በእኛ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃንና ሰማዕታት ፊታቸውን ወደ ሰው አዙረው፣ ሁለት ዓይናቸው ወለል ብሎ ይሣላሉ። አሳዳጁ፣ ከሃዲው፣ ይሁዳም ጭምር፣ በጎን ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ይህን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ቤተ መቅደስ የገባ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አባቴ ደግሞ የራሱ ሕግ ነበረው። ዓይን የሚሥለው በመጨረሻ ነው። ዓይን ላይ ሲደርስ ብሩሹን ያስቀምጥና የተቀየመው ሰው ካለ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይታረቃል። አንዴ ከጎረቤት ጋር በድንበር ተጣልቶ ሳለ፣ የጀመረው ቅዱስ ጊዮርጊስ ሁለት ወር ያለ ዓይን ቆሟል። እናታችን በዚያ በኩል ማለፍ ትፈራ ነበር።

ጦርነቱ መጥቶ ስልክ ሲቋረጥ እናታችን መቀሌ ነበረች፤ ኪዳነም አብሯት። እዚያው አረፈች። እኔ የሰማሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ኪዳነ አዲስ አበባ ሲመጣ ተቃቅፈን አለቀስን፤ ለቅሶው ሲያልቅ ግን መሐላችን አንድ ነገር ቀረ። እሱ እኔ እዚህ ተመችቶኝ የተኛሁ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ እናቴን ያለ እኔ ቀበራት ብዬ ያዝኩበት። ስልክ እንደሌለ አውቃለሁ፤ እያወቅኩም ያዝኩበት። እግዚአብሔርንም አኮረፍኩት። እሑድ ሂሩት ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ እኔ የተማሪ ደብተር አርማለሁ እላለሁ።

አንድ ቀን ኪዳነ መጥቶ፣ እመቤታችንን ከነልጇ ሣልልንና በእማማ ስም ለቤተ ክርስቲያን እንስጥ አለኝ። እሺ አልኩት። እምነት ኖሮኝ ሳይሆን የእናቴን ስም እንቢ ማለት ስላልቻልኩ ነው። ሥዕሉን ያሠራ ሰው ከሥር ተንበርክኮ መሣሉ ልማድ ነውና ራሴን በቀኝ ጠርዝ፣ ኪዳነን በግራ ጠርዝ አደረግሁ። የፍልሰታ ጾም ሲገባ ጀመርኩ። የእመቤታችንንና የልጇን ዓይን ጨርሼ ወደ እኛ ስወርድ፣ የአባቴ ሕግ ትዝ አለኝ። ከኪዳነ ጋር አልተጣላንም፣ እንነጋገራለን አይደል ወይ ብዬ አለፍኩት።

በዚያው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ራሴን በቀኝ በኩል ወጋኝ፤ አዞረኝ፤ ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። ውሃ ጠጥቼ ተኛሁ። ማታ ስነሳ ደህና ነኝ። ጾሙ ነው አልኩ፤ የሚገርመው አልጾምም ነበር። የኪዳነን ዓይን የሣልኩት ከዚያ ቀን በፊት ይሁን በኋላ አላስታውስም። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ መከራዬን ያየሁት በእሷ ነው።

ሥዕሉን በጨርቅ ሸፍኜ አቆየሁትና በእናታችን ተዝካር ዕለት ቤታችን ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ገለጥኩት። ሴቶቹ እልል ማለት ጀመሩ፤ እልልታው መሐል ላይ ተቋረጠ። ኪዳነ ተነስቶ ቀረበ።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለ።

«አንተ ነህ።»

«ሌላው ዓይኔ የታለ?»

አየሁት። ምንም የጎደለ ነገር አልታየኝም። «ሁለቱም አሉ፤ ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«እስቲ ቁጠር» አለኝ።

ቆጠርኩና «ሁለት» አልኩ፤ በሰው ፊት፣ ጮክ ብዬ። ኪዳነ ለረጅም ጊዜ አየኝ። በእማማ ተዝካር ላይ እንዲህ ታደርገኛለህ አለና ሚስቱን ይዞ ወጣ። ደረጃውን ሲወርዱ የጫማቸው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲሄድ ሂሩት ጣቴን ይዛ ሥዕሉ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ግራ ጎተተችው። ያኔ አየሁት፤ ዓይን መኖር በነበረበት ቦታ ልሙጥ ጉንጭ ነው። ሰው ገብቶ አጥፍቶብኛል ብዬ ማልኩ። እሷ ግን የምሥልበት ክፍል ቁልፍ በኪሴ እንደነበረ ታውቃለች።

ከዚያ ወዲህ ለኪዳነ ብደውል አያነሳም። የትሪው ጉዳይ የመጣውም በዚህ መሐል ነው። ጢሜን በግማሽ ተላጭቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የበር መቃን እየገጨሁ ግራ ትከሻዬ በለዘ፤ ሚኒባስ ላይ ስሳፈር ደግሞ ረዳቱ «ፋዘር፣ በሩ እዚህ ጋ ነው» ይለኛል። አንዲት ተማሪ ለርዕሰ መምህሯ፣ ቲቸር በግራቸው በኩል የተቀመጥነውን ጠልተውናል፣ እጅ ብናወጣ አያዩንም ብላ ከሰሰችኝ። ጠርቼ ተቆጣኋት። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ከሁሉም ቀድማ በሽታዬን ያወቀችው እሷ ናት።

መጀመሪያ የዓይን ክሊኒክ ሄድኩ። ፊደል አስቆጠሩኝ፣ መብራት አበሩብኝ፣ መነጽር አዘዙልኝ። በመነጽሩም ያው ግማሽ ትሪ ነው የምበላው። ሁለተኛው ክሊኒክ ደም ግፊት አለህ አለኝ፤ ቀሪው ጭንቀት ነው፣ እረፍት ውሰድ ተባልኩ። ቫይታሚን ይዤ ተመለስኩ። አንዳንድ ዘመድ ደግሞ ጠጋ ብሎ ለሂሩት፣ ቅዱስ ሥዕል ላይ ወንድሙን ስላዋረደ ነው አላት። ሰምቼ ሳቅሁ፤ ስተኛ ግን አልሳቅሁም። ቢሆንስ እያልኩ ጣራ ላይ አፈጥ ነበር። በማያምንበት አምላክ የሚቀጣ ሰው አይገርምም?

ሂሩት የንስሐ አባታችንን ጠራቻቸው። እየተነጫነጭኩ ሰባት ቀን ጸበል ተጠመቅሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ቀዝቃዛ ከመሆኑ ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም። በሰባተኛው ቀን አባ ከጎኔ ሲራመዱ ቆይተው፣ አንተ ልጅ በዚህ በኩል ስሆን ትሰማኛለህ፣ በዚያ በኩል ስሆን አትሰማኝም፣ ትልቅ ሐኪም ቤት ሂድ አሉኝ። ጸበሉን እንዳቋረጥኩ እንዳልቆጥረውም ነገሩኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ እሳቸው ባይሉኝ አልሄድም ነበር።

ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ ሐኪም ቤት በጠዋት ገብተን ወረፋ ያዝን። ተራው እስኪደርስ ግማሽ ቀን ወንበር ላይ ነበርኩ። ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል፤ ሂሩት ካርድ ለማውጣት መስኮቱ ጋ ተሰልፋለች። ከፊቴ የተቀመጡ እናት ከዘንቢላቸው ብርቱካን አውጥተው ልጠው ሰጡኝ። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ደስ የሚል ነገር እሱ ብቻ ነው። በኋላ እንደሰማሁት ግን፣ ሂሩት ለኪዳነ ደውላለት መጥቶ ኖሯል። ከጎኔ ተቀምጦ «ተክላይ፣ እንዴት ነህ?» ብሎኛል። ዝም አልኩት። ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቆ ደግሞ ጠራኝ። ብርቱካኔን እየበላሁ ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ እንዳደረግሁ ቀረሁ። ተነስቶ ሄደ። የተቀመጠው በግራዬ ነበር።

ኤምአርአይ የሚሉት ማሽን ውስጥ አስገቡኝ፤ የራስ ቅልን ውስጥ የሚያነሳ ካሜራ በሉት። የዕቁቡ ብር እዚያ አለቀ። ሐኪሙ ምስሉን መብራት ላይ ሰቅሎ፣ በቀኝ አንጎሌ ላይ ትንሽ ስትሮክ እንደደረሰብኝ አስረዳኝ። ደም ያልደረሰው ቦታ ጠባሳ ሆኗል። ዓይኔ ያያል፣ ጆሮዬም ይሰማል፤ አንጎሌ ግን በግራ በኩል ላለው ነገር ልብ መስጠት ትቷል። የጎደለ እንዳለ እንኳ ስለማያውቅ በሽተኛው ሁሉም ሙሉ ነው ይላል። ተዝካሩ ላይ «ሁለት» ያልኩት ትዝ አለኝ።

«ዶክተር፣ መቼ ነው የደረሰብኝ?» አልኩት።

«ወራት ያለፈው ይመስላል። ጠባሳውን ነው የማየው፤ ቀኑ አይታየኝም» አለኝ።

ሂሩት እጄን ጨበጠች። በዚያው ቀን ወረቀቱን ለኪዳነ እናሳየው፣ ሕመም ነው፣ አበቃ አለች። እኔም አበቃ ማለት ፈልጌ ነበር። ግን የሣልኩት ከዚያ ቀን በፊት ቢሆንስ? ያ ጉንጭ በሕመም ሳይሆን በቂም የተተወ ቢሆንስ? ልቤን ብመረምር ሁለቱንም አገኘሁበት። የሐኪም ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዤ ወንድሜን መዋሸት ፈራሁ። ስለዚህ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ሂሩትም ተራዋን አኮረፈችኝ።

ለግፊቱ መድኃኒት ተጀመረልኝ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ቤቴልሔም የምትባል ወጣት ባለሙያ ጋ መሄድ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን ሰዓት ሣልልኝ አለችኝ። የሥዕል መምህር ነኝ ብዬ ኮራሁባት። ሣልኩ። ስታዞረው አየሁት፤ አሥራ ሁለቱም ቁጥሮች በቀኝ በኩል ተጨናንቀው ግራው ባዶ ነው። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩበት እጅ ነው ይህ። አለቀስኩ። ቤቴልሔም አላባበለችኝም፤ ሶፍት ሰጠችኝና ወረቀቱ ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፈች።

«ጋሼ፣ ቀዩን ሳያገኙ ሥራው አላለቀም» አለችኝ። «አንገትዎን እስከ ቀዩ ያዙሩ፤ ሃያ እስኪቆጥሩ እዚያ ይቆዩ።»

ቤትም ቀይ በቀይ ሆነ፤ የትሪው ጠርዝ፣ የበሩ መቃን፣ የመስታወቱ ጎን። ሂሩትም በግራዬ እንድትቀመጥ ታዘዘች፤ እያኮረፈችም በግራዬ ተቀመጠች። ለልምምድ አበባ ወይም ቤት ሣል ስባል ሰለቸኝና የአባቴን ንድፍ አወጣሁ፤ የእመቤታችንን ፊት። ቁጥር ደግሞ ለእኔ አልሆነም፤ ሰባት ላይ ስደርስ ትዕግሥቴ ያልቃል። አባቴ አንዷን መስመር ሲያወርድ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይደግም እንደነበር ትዝ አለኝ። ልኩ ከሃያ ቁጥር ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ እንደ ሰዓት ተጠቀምኩበት፤ ለጸሎት አልነበረም። አንገቴን ወደ ቀዩ አዞራለሁ፣ አንድ እደግማለሁ፣ አንድ መስመር እሥላለሁ።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ቆየሁ። አንድ ቀን ጠዋት የግራ ዓይኗን ልጀምር ስል፣ ስለ ይቅርታ የሚለው ቦታ ላይ ደርሼ አፌ ቆመ። ማለፍ አቃተኝ። እንደ ሰዓት የምቆጥረው ነገር ለካ እየሰማኝ ኖሯል። ወይም እኔ ነኝ መስማት የጀመርኩት፤ እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፤ ራሴም አላወቅኩትም። ደስታ ነው እንዳልል እያለቀስኩ ነው፤ ሐዘን ነው እንዳልል ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም። ብሩሹን አስቀመጥኩ። አባቴ ቢሆን አሁን ጫማውን ያደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ሂሩት ግራ ጫማዬን ካልጋ ሥር አወጣችልኝ። የተዝካሩን ሥዕል በጋቢ ጠቀለልነው፣ ቀለምና ብሩሽ ያዝኩ፣ ራይድ ጠርተን ሃያ ሁለት ሄድን። እሷ መኪናው ውስጥ ቀረች። ሱቁ ስገባ ኪዳነ የለም። ልመለስ ስል ትምህርቴ ትዝ አለኝና አንገቴን ቀስ ብዬ ወደ ግራ አዞርኩ፤ ባዞር ባዞር የተደረደረ የቀለም ጣሳ፣ ከጣሳው ቀጥሎ ኪዳነ። ከገባሁ ጀምሮ እያየኝ ነበር።

የሐኪሙን ወረቀት ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። «ስትሮክ ነው ብለውኛል። ሐኪም ቤት በግራዬ ተቀምጠህ ሳለ አላየሁህም፤ እሱ በሕመሙ ነው፤ እምልልሃለሁ። ሥዕሉን ግን አላውቅም። ከሕመሙ በፊት ይሁን በኋላ ሐኪሙም አያውቅም። ቂም ይዤብህ እንደነበረ ግን አውቃለሁ። ቂሜን ይዤ ነው ዓይንህ ላይ የደረስኩት።»

ወረቀቱን አልነካውም። «ምን አድርጌህ ነው የተቀየምከኝ?» አለኝ።

«እማማን ያለ እኔ ቀበርካት።»

አንድ ሰው ገብቶ የቧንቧ ዕቃ ጠየቀ፤ ኪዳነ ቆይተህ ና አለውና የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ አወረደው።

«አንድ ቀን ሙሉ አላስቀበርኳትም» አለ። «ስልክ ይሠራል ወደተባለበት ቦታ በእግሬ ሄጄ ነበር። መስመር አልነበረም። ስመለስ ሽማግሌዎቹ ተቆጡኝ፤ ከዚያ ቀበርናት።»

«ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝም» አለ።

እውነቱን ነው፤ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ይቅር በለኝ አልኩት፤ በሕመሜም ከሆነ፣ በልቤም ከሆነ። እሱም እኔን ተመችቶህ ተኝተሃል ብዬ ስረግምህ ነበር፣ አንተም ይቅር በለኝ አለ። ሁለት ሽማግሌዎች በቀለም ጣሳ መሐል ተቃቅፈን ቆምን። ከዚያ ሥዕሉን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት። ኪዳነ ወንበር አንስቶ ዞረና በግራዬ፣ ከጠርዙ አጠገብ ተቀመጠ። ሂሩት በስልክ አስተምራው ኖሯል።

«እዚህ ነኝ፤ ሣል» አለኝ።

ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም። ስደክም ዛሬም ግራው ይጠፋብኛል፤ ያን ቀንም ደክሞኝ ነበር። ቀይ ፕላስተር ስላልያዝን ኪዳነ ከመደርደሪያው ቀይ ቀለም ከፍቶ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለም በጣቱ ነክቶ፣ የሥዕሉ ግራ ጠርዝ ላይ አንድ መስመር ቀባልኝ። ጠማማ መስመር ነው፤ ሥዕሉ ቤተ ክርስቲያን ሲገባም እንዲጠፋ አልፈቀድኩም። አንገቴን እስከ ቀዩ አዞርኩ፤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፤ የቆምኩበትን ቦታም አለፍኩት። ዓይኑን ሣልኩ። ከወዲያኛው ይበልጣል፤ ትንሽም ወደ ታች ወርዷል። በተማሪ ደብተር ላይ ባገኘው ማርክ እቀንስበታለሁ።

ኪዳነ አጎንብሶ አየው። ቀና ብሎ ደግሞ እኔን አየኝ።

«እስቲ ቁጠር» አለኝ።

ከቀኝ ጀመርኩ፣ አንገቴን ቀስ እያደረግሁ አዞርኩ፣ ጠማማው ቀይ መስመር ላይ ደረስኩ፣ ከእሱም አልፌ የወንድሜን ፊት አየሁ፤ እንባው እየወረደ ነበር።

«ሁለት» አልኩት።

«አሁን እውነትህን ነው» አለና በቀለም ጣቱ እንባውን ጠረገ።